ያገለገለ ሰርፌስ ግራይንደር ከአቃቂ ወደ አዳማ፦ ገዝቶ፣ አጓጉዞ፣ አድሶ ሥራ ላይ ማዋል

አዳማ ላይ ቶርኖ ቤት ለከፈተ ሰው ሥራው ከመንገዱ ይመጣል። ከጅቡቲ የሚወጣው ሲኖትራክ፣ ከሐረርና ከአሰላ የሚወርደው አይሱዙ፣ ሁሉም በእኛ በኩል ያልፋል። ሞተሩ የፈላበት መኪና ቴስታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ይጣመማል። የተጣመመ ቴስታ ደግሞ ጋስኬት ቢቀየርለትም መልሶ ያቃጥለዋል። ፊቱ ተስተካክሎ ጠፍጣፋ መሆን አለበት። እኔ ጋ ቶርኖና ፍሬዛ ነበረኝ። የብረት ቴስታና የሻጋታ ሥራ ሲመጣ ግን ወደ አዲስ አበባ መላክ ግዴታ ነበር። ደንበኛው ቀን ይቆጥራል፤ ትርፉም እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ትልቅ ሰርፌስ ግራይንደር፣ ማለትም በሚሽከረከር ድንጋይ የብረትን ፊት እየፈጨ ጠፍጣፋ የሚያደርግ ማሽን፣ ለመግዛት ወሰንኩ። አዲስ ማሽን በእኔ አቅም የሚታሰብ አልነበረም። ያገለገለ ፈልጌ አገኘሁ፤ ዛሬ እየሠራ ነው። በዚህ መንገድ ለመሄድ ለምታስቡ ሁሉ ያየሁትን ልጻፍላችሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ግራይንደር ስትገዙ የምትከፍሉት ለሁለት ነገር ነው፦ ድንጋዩን ለሚያዞረው ዘንግ (ስፒንድሉ) እና ጠረጴዛው ለሚንሸራተትበት ሀዲድ። ሌላው ሁሉ ይጠገናል። ሞተር ይጠቀለላል፤ ፓምፕ ይገኛል፤ የኤሌክትሪክ ሳጥኑ እንደ አዲስ ይሠራል። የተበላ ሀዲድና የላላ ስፒንድል ግን እዚህ አገር ማስተካከል በጣም ከባድ ነው። ቢቻልም ከማሽኑ ዋጋ በላይ ይጠይቃል። ይህን የነገሩኝ በወንጂ ስኳር ፋብሪካ ወርክሾፕ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ማሽን ላይ ሲሆኑ ብዙ አይናገሩም። "ልጄ፣ ቀለሙን አትየው። ቀለም ማንም ይቀባል" አሉኝ። ማሽኑን ለማየት ስሄድ አብረውኝ እንዲሄዱ ለመንኳቸው፤ እሺ አሉ።

ማሽኑ አቃቂ አካባቢ ካለ አንድ ፋብሪካ በጨረታ የወጣ ነበር። ሰሌዳው ላይ የቼኮዝሎቫኪያ ስሪት መሆኑ ተጽፏል። ያች አገር በ1993 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መባቻ ላይ ለሁለት ተከፍላለች። ስለዚህ ማሽኑ ቢያንስ ከዚያ በፊት የተሠራ ነው ማለት ነው። ዕድሜው አላስፈራኝም። በደርግ ጊዜ ከቼክ፣ ከምሥራቅ ጀርመንና ከሶቭየት ኅብረት የገቡ ማሽኖች አካላቸው ከባድ ብረት ነው፤ በአግባቡ ከተያዙ ብዙ ያገለግላሉ። ሌላም ጥቅም አላቸው። ሞተራቸው ለ380 ቮልትና ለ50 ሄርዝ የተሠራ ስለሆነ ከእኛ መስመር ጋር ይስማማል። ለ60 ሄርዝ የተሠራ የአሜሪካ ማሽን ካጋጠማችሁ ግን ፍጥነቱ እዚህ በአንድ ስድስተኛ ያህል እንደሚቀንስ አስቡ። የሞተሩን ቮልቴጅም ሰሌዳው ላይ አንብቡ።

ጋሼ መጀመሪያ ያዩት ሀዲዱን ነው። የጠረጴዛውን መሸፈኛ አስነስተው በባትሪ መብራት ዳር ዳሩን አዩ። ጥሩ ማሽን ሀዲዱ በፋብሪካ በእጅ እየተፋቀ ነው የሚጨረሰው፤ የመፋቂያው ጥለት ብረቱ ላይ ይታያል። ጥለቱ ዳርና ዳር ብቻ ቀርቶ መሃሉ ሙልጭ ብሎ ከጠፋ መሃሉ ተበልቷል። የእኛ መሃሉ ላይ ደብዘዝ ብሎም ቢሆን ይታይ ነበር። ቀጥለን ከዩኒቨርሲቲ ወርክሾፕ የተዋስኩትን ስስ ውሃ ልክ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥን። በአንድ ሜትር ላይ 0.02 ሚሊ ሜትር የሚያሳይ ነው፤ የግንበኛ ውሃ ልክ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ጠረጴዛውን በእጅ ከዳር እስከ ዳር በቀስታ ወሰድነው። አረፋው ቦታውን ካልለቀቀ ሀዲዱ ቀጥ ያለ ነው። ወደ አንድ ወገን ሄዶ ከተመለሰ ጎብጧል። አረፋው ትንሽ ነቅነቅ ብሎ ቆመ። ጋሼ ዝም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው።

ብዙ ሰው ግራይንደር ላይ ዳያል ጌጅ (ስስ ልዩነትን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) ተክሎ ጠረጴዛውን ያመላልስና "ቀጥ ነው" ይላል። ይህ ያታልላል። የሚፈጨውን ዕቃ ጠረጴዛው ላይ የሚይዘው ማግኔት የተፈጨው በዚያው ማሽን፣ በዚያው ሀዲድ ላይ ነው። ሀዲዱ ቢጎብጥ ማግኔቱም አብሮ ጎብጦ ይፈጫልና መርፌው አይነቃነቅም። ለሀዲድ ውሃ ልኩን እመኑ።

ለስፒንድሉ ግን ዳያል ጌጁ ትክክለኛው መሣሪያ ነው። ድንጋዩን ከነመያዣው አወለቅን። የጌጁን ጫፍ ስፒንድሉ አፍንጫ ላይ አሳርፈን በእጅ አዞርነው። መርፌው የሚነቃነቀው ከ0.005 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ደስ ይበላችሁ። ከዚያ በእንጨት ዘንግ ከታች ወደ ላይ ገፋ አድርጉትና መርፌውን እዩ፤ ልልነቱ እዚያ ላይ ይታያል። ፋብሪካው መብራት እንዲያገናኝልን አስቀድሜ በደብዳቤ ጠይቄ ነበርና ተፈቀደ። ግማሽ ሰዓት ያህል አስነስተን አቆየነው። የስፒንድሉ ቤት ለእጅ ሞቅ ይላል እንጂ አያቃጥልም። ድምፁም አንድ ወጥ ነበር። ሻጩ መብራት ማገናኘት አይቻልም ካለ ዋጋውን ስትሰጡ ስፒንድሉ እንደተበላ አድርጋችሁ አስሉ።

ሌላው ሁሉ ምስኪን ሆኖ ነበር። የሃይድሮሊክ ቱቦዎቹ ደርቀው ተሰነጣጥቀዋል። የኤሌክትሪክ ሳጥኑ ውስጥ አይጥ ጎጆ ሠርቷል። ቀለሙ ተላልጧል። ይህ ሁሉ ዋጋውን ስላወረደልኝ አልተከፋሁም። የቀረ ዕቃ እንዳለም እዩ። የድንጋይ መያዣው፣ ድንጋይ ማመጣጠኛው ዘንግና የድንጋዩ መከለያ አብረው መኖር አለባቸው። መከለያው የጠፋበት ማሽን ካጋጠማችሁ ከጥሩ ብረት አሠርታችሁ ሳታስገጥሙ አታስነሱት።

ጨረታው ላይ ብዙ አልቆይም። ሲፒኦ (በባንክ የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) ታስይዛላችሁ፤ ፖስታው ይከፈታል፤ ካሸነፋችሁ በተወሰነው ቀን ከፍላችሁ ታነሣላችሁ። "ባለበት ሁኔታ" የሚለውን ቃል ግን ልብ በሉ። ከፈረማችሁ በኋላ የጎደለ ዕቃ ብትጠይቁ የሚሰማችሁ የለም። እኔ የተለያየ ቦታ የተቀመጡትን ዕቃዎች ዝርዝር አስጽፌ ከርክክቡ ሰነድ ጋር አያይዣለሁ። ማኑዋሉም ከግምጃ ቤት ተፈልጎ ወጣልኝ፤ የተጻፈው በቼክና በሩሲያኛ ነው። ሥዕሉና የዘይቱ ሠንጠረዥ ግን ቋንቋ አይፈልግም። ደረሰኙና የርክክብ ሰነዱ ደግሞ ከሹፌሩ ጋር ይሁን፤ መንገድ ላይ ዕቃው ከየት እንደመጣ ከተጠየቀ የምታሳዩት እሱን ነው።

አሁን ወደ ማጓጓዙ። ማሽኑ ሦስት ቶን ገደማ ይመዝናል። ይህን ያህል ክብደት የሚያነሣ ክሬን ማግኘት ቀላል ነው። ከባዱ ማሽኑ ሳይጎዳ ማንሣቱ ነው። ሰርፌስ ግራይንደር ክብደቱ ወደ ኋላ ያደላል፤ ዓምዱና ሞተሩ እዚያ ናቸው። በመሃል ይነሣል ብላችሁ ካሰራችሁ ይዘነበላል።

ከመነሣቱ በፊት ድንጋዩን አወለቅን። የሃይድሮሊኩንና የማቀዝቀዣውን ፈሳሽ በሙሉ አፈሰስን። ጠረጴዛውን መሃል ላይ አምጥተን በሁለቱም ወገን በጣውላ ታኮ አስረን ቆለፍነው። ማግኔቱ ላይ ወፍራም ሞራሌ አስቀምጠን የስፒንድሉን ራስ በቀስታ አወረድንበት። እንዲህ ካደረጋችሁት ራሱ መንገድ ላይ አይርገበገብም፤ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ስክሩም አይጎዳም። ሀዲዱንና የተራቆተውን ብረት ሁሉ ግሪስ ቀባን፤ ላዩን በፕላስቲክ፣ ከዚያ በሸራ ሸፈንነው።

የማሽኑ እግር ላይ ለማንሻ የተበሱ ቀዳዳዎች አሉ። ወፍራም የብረት ዘንግ በእነሱ አሳልፋችሁ ገመዱን ዘንጉ ላይ ብቻ እሰሩ። ገመዱ የማሽኑን አካል በሚነካበት ቦታ ሁሉ ጣውላ አስገቡ። ጫኝና አውራጆቹ በጠረጴዛው ሥር ማሰር ይቀላቸዋል፤ ጉልበተኞችም ናቸው፤ ግን ማሽኑን አያውቁትም። ሥራው ሳይጀመር ተሰብስበን የት መነካት እንደሌለበት በቀይ ቀለም ምልክት አደረግን። ሠራተኞቹ ጥሩ ልጆች ነበሩ፤ ሲገባቸው ከእኔ በላይ ተጠነቀቁ። ክሬኑ መጀመሪያ ከመሬት ጣት ያህል ብቻ ከፍ ያድርገው። ካዘነበለ አውርዳችሁ እንደገና እሰሩ። ይህን ለማድረግ የክሬኑ ባለቤት ቢያጉረመርምም አትቸኩሉ።

መኪና ላይ ማሽኑ ከኋላ ጎማዎች ፊት መቀመጥ አለበት። ከሥሩ ጣውላ አድርጉ፤ ብረት በብረት ላይ ይንሸራተታል። በሰንሰለት ስትወጥሩም እግሩን ብቻ ነው። በጠረጴዛው ወይም በመሪዎቹ ላይ የተወጠረ ሰንሰለት በእያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ስስ ብረቱን ይጎትታል። በአሮጌው መንገድ በዱከም፣ በቢሾፍቱና በሞጆ መምጣት ይቻል ነበር። ግን ባጃጁና የፍጥነት መቀነሻው ብዙ ነው። ሹፌሩን በፍጥነት መንገዱ እንዲሄድ አሳምኜ የቀረጡን ከፈልኩ። ከቱሉ ዲምቱ ተነሥተን ቀኝ መስመር ይዘን በዝግታ መጣን። መሃል ላይ ማረፊያ ቦታ ወጥተን ሰንሰለቱን አየነው፤ ላልቶ ነበርና እንደገና ተወጠረ። ላልቶ ማግኘታችሁ አይቀርም፤ ወርዳችሁ እዩት።

ማሽኑ ሳይመጣ መሠረቱ ደርቆ መጠበቅ አለበት። ብዙዎቹ የአዳማ ሰፈሮች አፈሩ የእሳተ ገሞራ አሸዋና ቀላል ድንጋይ ነው፤ ከላይ ደንዳና ቢመስልም ከሥር ይሰምጣል። እኔ ጥሩ መሬት እስኪገኝ አስቆፈርኩ። ከዚያ በፌሮ የታሰረ ኮንክሪት ሞላሁበት። ኮንክሪት የታሰበለትን ጥንካሬ የሚይዘው በ28 ቀን ገደማ ነው፤ እስከዚያ ውሃ እየጠጣ ይቆይ። መሠረቱ ከወለሉ ጋር እንዳይያያዝ ዙሪያውን ክፍተት ተውኩና በአሸዋ ሞላሁት። ጎረቤቴ ያለው ኮምፕሬሰር ሲነሣ ንዝረቱ በወለሉ ይመጣል፤ በዚያ ንዝረት የተፈጨ ብረት ላይ ማዕበል የመሰለ መስመር ይታያል። ከበር እስከ መሠረቱ ማሽኑን የወሰድነው በቱቦ ላይ እያንከባለልን፣ በዲጂኖ እየገፋን ነው። ከቱቦው ሥር ወፍራም ላሜራ አነጠፍን፤ ወለሉም አልተሰበረ።

ዕድሳቱ ላይ ጋሼ አንድ ሕግ አወጡ፦ የሚሠራውን አትፍታ። ስፒንድሉን ከፍቶ ለማየት እጄን ይበላኝ ነበር። ተውኩት፤ ድምፁም ልኩም ጥሩ ነበርና። የእኛ ስፒንድል ኩሽኔታ የለውም። በቀጭን የዘይት ንጣፍ ላይ የሚንሳፈፍ ዓይነት ነው። እዚህ ላይ አደራ የምለው ነገር አለ። እንዲህ ዓይነት ስፒንድል የሚጠጣው እንደ ውሃ የቀጠነ የስፒንድል ዘይት ነው። የሞተር ዘይት ከተደረገበት ወፍራሙ ዘይት በጠባቡ ክፍተት ውስጥ ይግላል፤ ስፒንድሉም ይይዛል። ማሽናችሁ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ሳታረጋግጡ ምንም ዘይት አታፍስሱ። ባለ ኩሽኔታ ከሆነና መቀየር ካለበት ደግሞ ስፒንድል የሚፈልገው የትክክለኛነት ደረጃው ከፍ ያለ፣ ጥንድ ሆኖ የተመረጠ ኩሽኔታ ነው። ቁጥሩ መጨረሻ ላይ ፒ4 የሚል ደረጃ ያለበትን ጠይቁ። በስም የሚመሳሰል አስመሳይ ዕቃ ገበያው ላይ ሞልቷል። ከታወቀ አስመጪ በደረሰኝ ግዙ።

ሀዲዱን በነጭ ጋዝና በንጹሕ ጨርቅ ብቻ አጠብን። ብርጭቆ ወረቀት ሀዲድ አጠገብ እንዳይደርስ ከለከልኩ። ዝገት ያለበት ቦታ በዘይት ድንጋይ በቀስታ ይለሰልሳል። ብርጭቆ ወረቀት ግን አሸዋውን ጥሎ ይሄዳል፤ አሸዋውም ሀዲዱን ሲበላ ይኖራል።

የሃይድሮሊክ ገንዳው ሥር ያለው ዝቃጭ ጭቃ ነበር ማለት ይቻላል። ጠርገን፣ ማጣሪያውን ቀይረን፣ ቱቦዎቹንና የዘይት ማገጃ ጎማዎቹን በሙሉ አዲስ አደረግን። ማኑዋሉ ያዘዘውን 32 ቁጥር የሃይድሮሊክ ዘይት ሞላን። መጀመሪያ ሲነሣ ጠረጴዛው እየተንጠራራ፣ እየቆመ ሄደ። ይህ ሲሊንደሩ ውስጥ የገባ አየር ነው፤ አትደንግጡ። ጠረጴዛውን በሙሉ ርዝመቱ በዝግታ ደጋግማችሁ ስታመላልሱት አየሩ ይወጣል፤ ጉዞውም ይለሰልሳል።

ሞተሮቹን በ500 ቮልት ሜገር (የሽቦው ሽፋን መብራት እንዳያፈስ የሚፈትሽ መለኪያ) ለካናቸው። ከ1 ሜጋ ኦም በታች የወረደውን ወዲያው ለጥቅለላ አትስጡ። ለብዙ ጊዜ የቆመ ሞተር እርጥበት ይይዛል፤ በሙቀት አድርቃችሁ እንደገና ለኩት። የማቀዝቀዣው ፓምፕ ሞተር ብቻ ተጠቀለለ። የኤሌክትሪክ ሳጥኑን ግን ሙሉ በሙሉ አስለወጥኩ፤ ፌዝ (ከሦስቱ የመብራት መስመሮች አንዱ) ሲጎድል ወይም ሲገለባበጥ ማሽኑን የሚያጠፋ ሪሌይም አስገባሁበት። አንድ ፌዝ የጎደለበት ሞተር እያጓራ ይቃጠላል። ፌዙ ከተገለበጠ ደግሞ ድንጋዩ ወደ ኋላ ይዞርና የመያዣው ዳዶ ሊፈታ ይችላል። መጀመሪያ ድንጋይ ሳይታሰር አስነሥታችሁ አዟዟሩን ከቀስቱ ጋር አስተያዩ።

ከሁሉ በላይ እንድታስቡበት የምፈልገው ማግኔቱን ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማግኔት መብራት ሲሄድ ዕቃውን ይለቃል። ድንጋዩ ግን በነበረው ፍጥነት ለረጅም ጊዜ ይዞራል። በዚያች ቅጽበት ዕቃው ከድንጋዩ ጋር ከተነካካ ይወረወራል፤ ድንጋዩም ሊፈነዳ ይችላል። መብራት በየጊዜው በሚቋረጥበት ቦታ ይህን ችላ ማለት አይቻልም። እኔ በሁለት መንገድ ተከላከልኩ። የማግኔቱ ከረንት ሲቋረጥ ድንጋዩንም ጠረጴዛውንም የሚያቆም ሪሌይ አለ። ሪሌዩ ብቻውን ድንጋዩን ወዲያው ስለማያቆመው፣ ሁልጊዜ ዕቃውን በፊትና በኋላ፣ በግራና በቀኝ ከማግኔቱ ጋር በሚያያዝ የብረት ማገጃ እደግፈዋለሁ። ማገጃው ሰፊና ከዕቃው ትንሽ ዝቅ ያለ ይሁን። አቅሙ ያለው ሰው መብራት ሳይኖርም የሚይዝ ቋሚ ማግኔት ይግዛ። የሠራተኛዬ እናት አንድ ልጅ ነው ያላቸው። ማሽኑ ፊት ባየሁት ቁጥር እሱ ነው የሚታሰበኝ።

ድንጋይ ከመታሰሩ በፊት በእንጨት እጀታ ቀስ ብላችሁ መታ መታ አድርጉት። ጤነኛ ድንጋይ ጥርት ብሎ ይጮኻል። ድምፁ ከታፈነ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላልና አትሰሩት። ጎንና ጎኑ ያለው ወረቀት አይነሣ። ፍጥነቱንም አስሉ። የድንጋዩን ዲያሜትር (በመሃሉ ከዳር እስከ ዳር ያለውን ልክ) በሜትር በ3.14 አባዙ፤ ያንን በደቂቃ ዙሩ አባዝታችሁ ለ60 አካፍሉ። ድንጋዩ ላይ ከተጻፈው መብለጥ የለበትም፤ ለተለመደው ድንጋይ በሰከንድ 35 ሜትር ነው። ዲያሜትሩ 300 ሚሊ ሜትር የሆነ ድንጋይ በደቂቃ 2,200 ጊዜ ሲዞር 35ን ሊነካ ምንም አይቀረው። አዲስ ድንጋይ ስታስነሡ መከለያውን ዘግታችሁ ወደ ጎን ቆማችሁ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ባዶውን ይዙር።

ማሽኑ በውሃ ልክ ከተስተካከለ በኋላ ዘይቱ እስኪሞቅ አሠራነውና የማግኔቱን ፊት ራሱ ላይ ፈጨነው። በጣም በስሱ፣ በአንድ ጊዜ ከ0.01 ሚሊ ሜትር ሳናልፍ። ከዚያ የመጀመሪያውን የሙከራ ብረት ሠርተን አራቱን ማዕዘን በማይክሮ ሜትር ለካን። ልዩነቱ ከአንድ መቶኛ ሚሊ ሜትር በታች ሆነ። ጋሼ ማይክሮ ሜትሩን ተቀብለው እንደገና ለኩት፤ ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው "በል እንግዲህ ሥራ" አሉኝ።

አሁን የብረት ቴስታ፣ የሻጋታ ሰሌዳና የመቁረጫ ቢላዋ እንሠራለን። የአሉሚኒየም ቴስታ ሲመጣ ወደ ፍሬዛው እልከዋለሁ፤ አሉሚኒየም ድንጋዩን ይደፍነዋል። ጥንቃቄ የሚፈልገውን ሥራ ጠዋት እናስቀድማለን። የአዳማ ቀትር ዘይቱን ያሞቀዋል፤ ማሽኑም በሙቀት ልኩን ይለቃል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ በሩ ይዘጋል። ኮረብታው ላይ ያሉትን የነፋስ ተርባይኖች የሚያዞረው ነፋስ አቧራውንም ይዞ ሀዲድ ላይ ይመጣል። ሥራ ስንጨርስ ማሽኑን በሸራ እንሸፍናለን።

በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዳማ ድረስ ሲሰማ ውሃ ልኩን እንደገና ተውሼ አስቀመጥኩት። አንዱ ማዕዘን ትንሽ ወርዶ ነበር፤ በእግሩ ቡሎን አስተካከልነው። አሁን የራሴን ውሃ ልክ ገዝቻለሁ። የስምጥ ሸለቆ ከተማ ውስጥ ማሽን ለምትተክሉ ሁሉ፣ መሬቱ በተነቃነቀ ቁጥር ሥራ ሳትጀምሩ ልኩን እዩ።